የጽዮን እንግዶች ያልተቀበሉኝ ጉርሻ

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት፣ በዳግማይ ትንሣኤ ዋዜማ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። ያልረሳሁት በሰባ አንድ ዓመቴ፣ በገዛ ግቢዬ፣ በምንቃቸው ሰዎች ፊት ስላፈርኩ ነው።

ቀጨኔ ካለው ቤቴ ጓሮ ሁለት ክፍል አለ። ጽዮን የምትባል የአርባ ዓመት ሴት ከተከራየችው አራት ዓመት ሆኗታል። መድኃኒት ቤት ትሠራለች። ድምጿ አይሰማም፤ ሰውም አይመጣባትም። በዚያ ሳምንት ግን «እማማ፣ ቅዳሜ ጓደኞቼ ሻይ ሊጠጡ ይመጣሉ፤ አሥር ብንሆን ነው። ይፈቅዱልኛል?» አለችኝ። የማኅበር ነገር መሰለኝና ፈቀድኩ።

ፋሲካ በዋለ በሳምንቱ እንግዳ ከኔ ግቢ በሻይ ብቻ አይሸኝም። ዶሮ ወጥ አሙቄ፣ እንጀራ ደርቤ፣ በትሪ ይዤ ሄድኩ። የጠራኝ አልነበረም።

በሩ ላይ ጺሙ የሸበተ ግዙፍ ሰው ቆሟል።

«እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ስልክ ይዘው ከሆነ እዚህ ቅርጫት ውስጥ ነው የምናስቀምጠው።»

«በገዛ ግቢዬ ልትፈትሸኝ ነው?»

«አልነካዎትም እማማ። እየጠየቅኩዎት ነው።»

ስልኬ ቤት ነበር። ጽዮን ወጥታ ስታየኝ ደነገጠች። ሆኖም ትሪ የተሸከመች አሮጊት ከበር አትመለስም፤ አስገባችኝ።

ሁሉም ልጅ ያደረሱ የሚመስሉ ሰዎች ናቸው። ሻይ ይዘው ተቀምጠዋል። አንዲት ሴት ግን፣ ሦስት ወንበር ባዶ እያለ፣ ከአንድ ሰው እግር ሥር ትራስ ላይ ተቀምጣለች። አንገቷ ላይ የቆዳ ማሰሪያ አለ። የኛ ሰፈር ውሻ እንኳ እንዲህ ያለ አላደረገም።

«ተነሺ ልጄ፣ ወንበር አለልሽ» አልኳት።

«እዚሁ ይመቸኛል እማማ» አለች ፈገግ ብላ።

ዕብደት ነው ብዬ ተውኳት። ትሪውን አስቀምጬ ጉርሻ ጠቀለልኩና ዳር ወደተቀመጠው ቀጭን ሰው ሄድኩ።

«አመሰግናለሁ እማማ፤ ይቅርብኝ» አለ።

«በሞቴ!»

«አይሆንልኝም።»

«አፈር ስሆን! የእናት እጅ ይመለሳል?»

ፊቱን አዞረ። እኔም እንደ ሕፃን አገጩን ይዤ መለስኩት። ይህን ጊዜ ወለል ላይ ያለችው ሴት «ቀይ!» ብላ ጮኸች።

 ሲኒ ያነሳው ሲኒውን እንደያዘ ቀረ። በረኛው መጥቶ፣ ሳይነካኝ፣ «እማማ፣ እባክዎ እጅዎን ያውርዱ» አለኝ። ወጡ በክንዴ ላይ ይወርዳል። አወረድኩ። ጉርሻውን ትሪው ላይ ጥዬ ወጣሁ።

እንግዶቿ እንደሄዱ ጽዮን ትሪውን አጥባ አመጣች።

«ከሰው ከሚሰሙ ከኔ ይስሙት» አለች። ከመካከላቸው ማዘዝ የሚወድ አለ፤ መታዘዝ የሚወድ አለ፤ መታሰርና መገረፍ ደስ የሚለውም አለ። ተስማምተው የሚያደርጉት ነው። የዛሬው ግን መተዋወቂያ ብቻ ነበር። «ቀይ» ከተባለ፣ ማንም ይሁን ማን፣ የሚያደርገውን ያቆማል።

«እና መገረፍ የሚወድ ሰው ነው ጉርሻ የፈራው?» አልኳት።

ሳቋ አመለጣት። እኔ አልሳቅኩም።

«አሞት ነው?»

«አላውቅም። አልጠየቅነውም። እኛ ዘንድ እምቢ ያለ ሰው ምክንያቱን አይጠየቅም።»

«እኔ ዘንድ ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር አይኖርም። ወሩ ሲያልቅ ቤቱን ልቀቂልኝ።»

«ሐሳብዎን አይለውጡም?»

«አልለውጥም።»

«እሺ እማማ» ብላ ወጣች። ሁለተኛ አልጠየቀችኝም። አራት ዓመት የኖረችበትን ቤት እንዲህ በቀላሉ ስትለቅ ንቀቴ ባሰ።

በማግስቱ ዊንጌት፣ የአክስቴ ልጅ በላቸው ቤት፣ ክርስትና ነበር። ከታላቅ ወንድሜ ከታደሰ ጋር ሄድን። ታደሰ መጠጥ ከተወ ስድስት ዓመቱ ነው። እንዴት እንደተወ የማውቀው እኔ ነኝ፤ ሦስት ወር እኔ ቤት ተኝቶ ነው።

በላቸው ጠጅ በብርሌ ይዞ መጣ።

«ጋሼ፣ የልጄ ክርስትና ነው! አንድ ብቻ!»

«ተባረክ። አልጠጣም።»

«በሞቴ!»

«አይሆንልኝም በላቸው።»

«ኧረ አፈር ስሆን! ምነው፣ መነኮሱ እንዴ?»

ሰው ሁሉ ሳቀ። አጠገባችን ያለች ሴት «ቂም ቢይዝ ነው እንጂ የደስታ ጠጅ ይገፋል?» አለች። ብርሌው ከወንድሜ ከንፈር ደረሰ። የወንድሜ እጅ ቀስ ብሎ ሲነሳ አየሁት፤ ሊቀበል ነው።

ሠላሳ የምንሆን ጨዋ የተባልን ሰዎች ነን። አንገቷ ላይ ቆዳ ያሰረች፣ «ቀይ» ብላ የምትጮህ አንዲት ሴት እንኳ በመካከላችን የለችም።

«በላቸው፣ እጅህን አውርድ» አልኩ።

«እትዬ ደግሞ! በደስታ ቀን?»

«አልጠጣም ብሏል። አውርድ።»

አወረደ። ሴትየዋ «እርጅና ነው» ስትል ሰማኋት። ከዚያ በፊት በስንት ድግስ እኔም «በሞቴ» ስል፣ ከሳቁትም ጋር ስስቅ ነበር፤ ስለዚህ አልመለስኩላትም። ነጠላዬን አንስቼ ወንድሜን ይዤ ወጣሁ።  ከታክሲ ሊወርድ ሲል፣ ታላቄ ሆኖ ሳለ እጄን ሳመ። እንዲህ አድርጎ አያውቅም።

ቤት ስደርስ ጽዮን በረንዳው ላይ ዕቃዋን ካርቶን ውስጥ ትከታለች።

«መልሺው» አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። ምክንያቱን አልጠየቀችኝም። ካርቶኑን አንስታ ገባች።

አስተያየቴ አልተለወጠም። ወንበር እያለ ወለል ላይ የሚቀመጥ ትልቅ ሰው ለኔ ዛሬም ሞኝ ነው፤ ለጽዮንም ነግሬያታለሁ። የበላቸው ቤት ሰዎችን ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ከጽዮን እንግዶች አላስበልጥም።

እንግዶቿ አልፎ አልፎ ቅዳሜ ይመጣሉ። ትሪ ይዤ በራቸው ላይ እቆምና «ትበላላችሁ?» እላለሁ። አንድ ጊዜ ብቻ። የሚበላ ይበላል። ቀጭኑ ሰው እስካሁን አልበላም። ለምን እንደሆነ አላውቅም።