ስንዴው የት ነው ያለው?

ፈውዚያ ጀብሪል በ2008 ዓ.ም. መካነ ሰላም ከተማ ኮምፒውተር ታስተምር ነበር። በዚያ ዓመት አንድ ሐሳብ ያዛት፦ የስንዴን የዓለም ዋጋ እየተከታተለ፣ እሷ ባወጣችው ሕግ ራሱ የሚገዛና የሚሸጥ ፕሮግራም መጻፍ። ሕጉን ደብተር ላይ ጨርሳዋለች። የቀረው የመገበያያ ሶፍትዌር መምረጥ ብቻ ነበር። ያ «ብቻ» ስምንት ወር ፈጀ።

የዩኒቨርሲቲ ጓደኛዋ አሕመድኑር ከአዲስ አበባ ሦስት ሶፍትዌር በፍላሽ ላከላት። አንደኛው የምታውቀውን የፕሮግራም ቋንቋ ይቀበላል፤ ግን ኔትወርክ በተቋረጠ ቁጥር የጻፈችውን ይዞባት ይጠፋል። ሁለተኛው ለላፕቶፗ ከበዳት፤ ሲከፈት ደርቆ ይቀራል። ሦስተኛው ቀላል ነው፤ የድሮ ዋጋ አንዴ ካወረዱለት ሕጉን ያለ ኔት ይፈትናል። ቋንቋው ግን የራሱ ብቻ ነው።

«ሦስተኛውን ያዥና ቋንቋውን ተማሪው» አላት አሕመድኑር በስልክ።

«እንደገና ከሀ ልጀምር?»

«እንግዲያ ሶፍትዌሩንም አንቺው ሥሪዋ!»

ዘጋችበት። ግን ሦስተኛውን ያዘች።

አንድ ቀን ከአሱር ሶላት በኋላ፣ ልጆችን ቁርአን እያስቀሩ የሚያስተምሩት አባቷ ሸህ ጀብሪል አጠገቧ ተቀመጡ።

«ስንዴው የት ነው ያለው?»

«አሜሪካ፣ አባባ።»

«ሳታዪው ልትሸጪው? ወለድስ አለበት?»

የተገዛው ሳይሸጥ ካደረ ወለድ ይታሰባል። «የሚያገበያዩት የውጭ ድርጅቶች ወለድ የሌለው አካውንት አላቸው ይባላል፤ እጠይቃለሁ» አለች።

ጠየቀች። አለን፣ የመኖሪያሽን የመንገድ ስምና የቤት ቁጥር የሚያሳይ ማስረጃ ላኪ አሏት። ወደ ቀበሌ ሄደች። ጸሐፊው ጋሼ አራጌ «ከመናኸሪያው ጀርባ፣ ከወፍጮ ቤቱ ዝቅ ብሎ» ብለው ጻፉና ማኅተም መቱበት። በእንግሊዝኛ ይሁን ተባለ። ተርጉማ ላከች። የመንገዱ ስም የለም ተባለ።

«እኛስ የት አባታችን እናምጣው?» አሉ ጋሼ አራጌ፤ «ከተማው ለመንገዱ ስም አላወጣለት።»

አካውንቱ ቀረ። እልህ ያዛትና ቢያንስ ሕጉን ልፈትን አለች። መብራት ሲሄድ እያቆመች፣ ሲመጣ እየቀጠለች የአምስት ዓመት ዋጋ አስገባችበት። ነሐሴ ላይ ውጤቱ ወጣ፦ ኪሳራ። ስህተት ፍለጋ ሦስት ጊዜ ከላይ እስከ ታች አነበበችው። የጻፈችው ልክ ነው። ሕጉ ነው የማይረባው። ስምንት ወር ሙሉ በኔቱ፣ በመብራቱ፣ በመንገዱ ስም ስትቃጠል፣ ደብተሯን አንድ ቀን አልጠረጠረችውም።

«ሆነልሽ?» አሏት አባቷ።

«ሶፍትዌሩ ሠርቷል። እኔ ነኝ ያልሠራሁት።»

«አልሐምዱሊላህ፣ ሳትገዢ አወቅሽው።»

ይህ ይበልጥ አናደዳት። ላፕቶፑን ከድና ወጣች፤ ሳምንት ሙሉም አልነካችው።