ምራቃችንን ሰጥተን የተመለስንበት ቀን

ላንቻ

በ2017 ዓ.ም. ሰባ አንድ ዓመቴ ነበር። ዕድሜዬን ሙሉ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ጽሕፈት ላይ ብዙም አይደለሁም። ይችን መንገድ ግን ሳልረሳት ልጻፋት ብዬ ነው።

የሄድኩት ለአንድ ጥያቄ ነው። አባታችን የልጆቹን ስም ረስቶ ነው የሞተው። ታላቅ ወንድሜ ይማምም ይኸው ጀምሮታል። ካዛንቺስ አንድ ክሊኒክ ውስጥ የሽማግሌ አእምሮና በዘር የሚወርደውን ነገር የሚያጠኑ አሉ ሲባል ሰማሁ። "ቀጣዩ እኔ ነኝ ወይ?" ብዬ ልጠይቅ ተነሳሁ። ወንድማማች ሲሆን ይፈልጋሉ ስላሉኝ ይማምን ይዤው ወጣሁ። ኮቱ ውስጥ ስሙን፣ አሁን የምንኖርበትን ሰፈር ላንቻ የሚለውንና የልጄን ስልክ በጨርቅ ላይ ጽፌ ሰፍቼለታለሁ፤ ከዚህ በፊት ጠፍቶብናል።

ኦሎምፒያ

እስከ ኦሎምፒያ በእግር ሄድን። የይማም ጉልበት ደህና ነው፤ እንዲያውም የሚጎትተኝ እሱ ነው። መንገድ ዳር ሻይ በቦምቦሊኖ ቀማመስን። ሻይ አስራ አምስት ብር ገብቷል፤ ስኳሩ ግን የለም።

ሚኒባሱ ውስጥ ስንገባ ወያላው "ፋዘር፣ ጠጋ ጠጋ! ሶፋ አደረጋችሁት እኮ!" አለ።

"አንተ ስታረጅ በጋሪ ነው የምትሄደው" አልኩት። ሰው ሁሉ ሳቀ።

ይማም "ወዴት ነው?" አለኝ።

"ካዛንቺስ።"

"እሰይ፣ ቤታችን!"

"ቤቱ ፈርሷል፤ ስንቴ ልንገርህ?" ብዬ ጮህኩበት። አንገቱን ደፋ።

ካዛንቺስ

ነጭ ጋውን የለበሰች ልጅ ተቀበለችን። ለይማም ትንሽ ብልቃጥ ሰጠችውና "አባባ፣ እዚህ ውስጥ ምራቅዎን እንትፍ ይበሉልኝ" አለችው። እሱ ብልቃጡን ወደ ጎን አድርጎ እጇን ያዘ፤ "እንትፍ! እንትፍ! እደጊ፣ ወልደሽ ሳሚ!" ብሎ መረቃት።

"አሜን አባባ። አሁን ደግሞ ለብልቃጡ" አለች እየሳቀች።

እኔም ተፋሁ። "በይ ልጄ፣ የአባቴ ነገር እኔ ላይ አለ ወይስ የለም? ውጤቱ መቼ ነው?"

"አባባ፣ ለየሰው ውጤት አንሰጥም፤ ጥናት ነው። ማለቴ፣ እስካሁን በብዛት የተጠናው የፈረንጆቹ ነው። እዚያ ያስረሳል የተባለው ዘረ መል የእኛ ሰው ላይ ምን ያህል እንደሚከፋ ገና በደንብ አይታወቅም።"

"መቼ ይታወቃል?"

"ዓመታት ይፈጃል።"

"እና እኔ?"

ወረቀቷን ገለጠች። ከዚያ ጥያቄ ጀመረች። ቀኑን ነገርኳት፤ ቁጥር ወደ ኋላ ቆጠርኩላት። "አሁን ከዚህ እስከ ቤትዎ ያለውን መንገድ ይንገሩኝ" አለች።

"ምን ቀላል ነው! ቁልቁል ወርደሽ ወፍጮ ቤቱ ጋ ትታጠፊያለሽ። ከሰል መሸጫውን እንዳለፍሽ ሰማያዊ በር ታገኛለሽ፤ እሱ ነው።"

ልጅቷ ላንቻ ብዬ ያስመዘገብኩትን አይታ ቀና አለች። ይማም ከወንበሩ ላይ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ "ቤቱ ፈርሷል፤ ስንቴ ልንገርህ?" አለኝ።

እኔ ግትር ነኝ። "አፌን አዳልጦኝ ነው እንጂ አልረሳሁም" ብዬ ተከራከርኩ። እሷ "ችግር የለም አባባ" አለች። ሰው ችግር የለም የሚለው መቼ እንደሆነ አውቃለሁ።

መልስ

በድሮው ሰፈር በኩል አለፍን። ሰፊ አስፋልት ነው፤ ዳሩ ሣር ተተክሎበታል። ወፍጮ ቤቱ የነበረበትን ቦታ ቆሜ ፈለግሁ። አርባ ዓመት የኖርኩበትን በር፣ እዚህ ጋ ነበር ማለት አቃተኝ። የጠፋው ሰፈሩ ይሁን የእኔ ራስ መለየት አልቻልኩም። ይማም እጄን ይዞ "እንሂድ፣ ይመሻል" አለኝ።

ላንቻ ስንገባ ልጄ "አባዬ፣ ምን አሉህ?" አለች። "ምንም" አልኳት። እውነቴን ነው። በቃ፣ ከመንገዱ የተማርኩት መልሱ ከእኔ በኋላ እንደሚመጣ ነው።

በነጋታው

ጠዋት ቁራጭ ጨርቅ አውጥቼ ስሜን፣ ላንቻ የሚለውንና የልጄን ስልክ ጻፍኩ። ዓይኔ ስለደከመ ክሩን መርፌው ውስጥ ማስገባት አቃተኝ። ይማም ተቀበለኝና ባንድ ጊዜ አስገባው፤ ድሮ አብረን ነበር የምንሰፋው። ኮቴንም ከእጄ ወስዶ ጨርቁን እሱው ሰፋበት። ስፌቱ ቀጥ ያለ ነበር።

"የማን ኮት ነው?" አለኝ።

"የአንድ ሽማግሌ።"

"ክሩን ደርቤለታለሁ፤ አይላቀቅም።"

ተቀብዬው ለበስኩት።