በፌስታል የተቋጠረው

ነገሩ የሆነው ባጃጅ ወደ አቃቂ መግባት በጀመረበት ሰሞን ይመስለኛል። ዓመቱን በእርግጠኝነት መናገር አልችልም፤ አስታውሳለሁ የምለውንም ሁሉ አላምነውም። ከአእምሮዬ ያልወጣችው ግን ከአውራ ጣት ጥፍር የማትበልጥ አንዲት ቋጠሮ ናት።

ታናሽ ወንድሜ ሚኒባስ ሲያሽከረክር ሰው ገጭቶ ገደለ። ተፈርዶበት ቃሊቲ ማረሚያ ቤት ገባ። የሟቹን ልጆች ፍርድ ቤት ካየ ወዲህ ለእኛም ፊቱን ማሳየት ተወ። ልጠይቀው ሄጄ ሲጠራ አይወጣም። የማስገባለት ስንቅም ሳይነካ ይመለሳል። በየቅዳሜው ምሳ ዕቃው እንደ ከበደ ሲመለስልኝ፣ ራሱን በረሃብ እየቀጣ መሆኑ ገባኝ።

ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በጡረታ የተገለለችው እናታችን በዚያን ጊዜ አልጋ ይዛ ነበር።

"በላልኝ?" ትለኛለች።

"ጠራርጎ ነው የበላው" እላታለሁ። ምግቡን ለነዳያን ሰጥቼ ባዶውን ዕቃ አሳያታለሁ። አላመነችኝም መሰለኝ፣ እሷም እህል መቅመስ እየተወች ሄደች። ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ላጣቸው ነበር፤ የማደርገው ግን ጠፍቶኝ ነበር።

በአምስተኛው ይሁን በስድስተኛው ቅዳሜ፣ እናቴ ከአልጋዋ ሆና እያዘዘች በጎረቤት ያስጋገረችውን ዳቦ አስገባሁ። ምሳ ዕቃው ሲመለስ፣ የጠያቂዎችን ስልክና ቦርሳ በአደራ ከሚያስቀምጠው የስልጤ ነጋዴ ሱቅ ደጃፍ ላይ ከፈትኩት። ዳቦው ተቆራርሷል፤ ተበልቶ ይሁን ተፈትሾ መለየት አልቻልኩም። ከሥሩ የተቋጠረች የፌስታል ቁራጭ አገኘሁ። ልወረውራት ስል ነጋዴው እጄን ያዘኝ።

"ቆይ እንጂ ወንድሜ። የተቋጠረ ነገር ሳይፈታ ይጣላል?"

"ቆሻሻ ነው።"

"ቆሻሻ ማን ይቋጥራል? ደግሞ የተማረ ሰው ትመስላለህ። አምጣት።"

በጥፍሩ ፈታት። ጥቁር አዝሙድ ነበር፤ ከዳቦው አንድ በአንድ የተለቀመ፣ አሥራ ሁለት ፍሬ ይሁን ሃያ እንጃ። ወንድሜ ልጅ ሳለ ጥቁር አዝሙድ አይወድም ነበር፤ እየለቀመ በሳህኑ ጠርዝ ላይ ይደረድረው ነበር። እንግዲያው ዳቦውን የበላው እሱ ነው። እዚያው የሱቁ ደረጃ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ነጋዴው ቋጠሮዋን መልሶ አሰረልኝ።

ቤት ገብቼ ለእናቴ ሁሉንም ነገርኳት፤ የእስከዚያን ቀን ውሸቴን ጭምር። ፍሬዎቹን መዳፏ ላይ አፍስሳ እያገላበጠች አየቻቸው።

"አንተ እኮ ነበርክ የምትለቅመው" አለችኝ። "እሱማ አንተ ለቅመህ ያስቀመጥከውን ነበር የሚበላው። ዛሬ እሱ ለቀመልህ።"

ከዚያም "እስቲ ከዚያ ዳቦ ቁረስልኝ" አለች።

ትክክለኛዋ እሷ ትሁን እኔ፣ ዛሬም አላውቅም። ወንድሜ ከተፈታ ዓመታት አልፈዋል፤ እናታችንም የለችም። ስለዚያች ቋጠሮ ጠይቄው አላውቅም፤ "አላስታውስም" እንዳይለኝ እፈራለሁ። ዳቦ ስንቆርስ ግን ጥቁር አዝሙዱን እየለቀምኩ በሳህኑ ጠርዝ ላይ አኖርለታለሁ። እሱም ቀና ሳይል በጣቱ ጫፍ እያነሳ ይበላዋል።