የቀለታዋ ዓሣና ጠባቂው

በደርግ ጊዜ ነው። ቅዳሜ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ከአሰላ ተነሣሁ። በቀለታ ወንዝ፣ ውሃው በሚጋልብበት ድንጋያማ ቦታ የምትኖረውን ቆሮሶ የተባለች ትንሽ ዓሣ ይዤ መጥቼ ለባዮሎጂ ተማሪዎቼ ላሳይ ነበር። ቦርሳዬ ውስጥ የትምህርት ቤቱ ደብዳቤ፣ ወንፊት፣ ሳህንና ፎርማሊን የሞላው ጠርሙስ አለ። አውቶቡሱ ኢተያ ላይ ሲፈተሽ ጠርሙሱን በነጠላዬ ጠቅልዬ ጭኔ ላይ ያዝኩት።

ሁሩታ፣ አራት ሰዓት

የቀበሌው ሊቀመንበር የደብዳቤዬን ጀርባ ሳይቀር አየ።

"ለዓሣ ብለሽ ከአሰላ ድረስ?"

አላመነኝም። ጠመንጃ ያነገተ ጎልማሳ ጠባቂ አብሮኝ እንዲሄድ አዘዘና፣ "የምታደርገውን ሁሉ ተከታተል" አለው። ጠባቂው በስንዴው ማሳ መሃል ከኋላ ከኋላዬ ይከተለኛል። ከኪሱ ቆሎ ዘግኖ ሲሰጠኝ ሊያወጣጣኝ የፈለገ መሰለኝና እምቢ አልኩ።

ወንዙ ዳር

ቀሚሴን ሰብስቤ ገባሁ። ከብዙ ሙከራ በኋላ ጣት የምታህል ዓሣ ወንፊቱ ላይ ቀረች። ጠርሙሱን ስከፍት ሽታው ጠባቂውን አስነጠሰው።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"ዓሣዋ እንዳትበሰብስ ነው።"

"ሰው ቢጠጣውስ?"

"ይሞታል" አልኩ።

ጠመንጃውን ከትከሻው አወረደ። ከታች ሴቶች ውሃ ይቀዳሉ።

"መርዝ ይዘሽ ወንዝ ወረድሽ? የዓሣዋስ አፍ ለምን አበጠ? ምን አጎረስሻት?"

ውሃ ያለበት ሳህን ውስጥ ጨመርኳት። ጥቂት ቆይታ አፏን ስትከፍት ከሰሊጥ ትንሽ የሚበልጡ ልጆቿ ተከታትለው ወጡ። ለካ አፏ ውስጥ ደብቃ ታሳድጋቸዋለች! ሁለታችንም እንዳጎነበስን ቀረን። ከዚያ ጠባቂው ጫማውን ሳያወልቅ ገብቶ፣ ሳህኑን ከድንጋይ ጀርባ ቀስ አድርጎ ደፋው።

"ጓዲት፣ ይሄን ጠርሙስ ቀበሌ ይዤ ብገባ ዛሬ ቤትሽ አታድሪም።"

"ታዲያ እርስዎ ለሊቀመንበሩ ምን ይላሉ?"

"ዓሣ አልተገኘም እላለሁ።"

ፎርማሊኑን ከወንዙ ርቀን፣ በሳንጃው በቆፈረው ጉድጓድ ቀበርነው። ያኔም አላመንኩትም። ሊቀመንበሩ ዘንድ ሲገባ ውጭ ቆሜ፣ አሁን ያስጠራኛል እያልኩ በሩን በሩን አየሁ። እንዳለው ግን አደረገ።

አሰላ

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ቤቴ ገባሁ። ሰኞ ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ጠራኝ። አጠገቡ የማላውቀው የደህንነት ሰው ተቀምጧል።

"ከጠባቂው ጋር ምን ተነጋገራችሁ?" አለኝ ሰውዬው። ጠባቂውን ባመሰግነው ተመሳጥራችኋል እንደሚል ገባኝ።

"ከሱ ጋር ምን ወሬ አለ? ክፉ ሰው ነው! አንዲት ዓሣ እንኳ ሳልይዝ ሲያንገላታኝ ዋለ" አልኩ።

ሰውዬው ደስ ብሎት ሳቀና አሰናበተኝ። ከዚያ ጉዞ የተማርኩት ይህን ነው፤ ያን ጊዜ የደግ ሰው ውለታ የሚመለሰው ስሙን በማጥፋት ነበር።