ለሚነሳ ሰው የሚበቃ ሳሎን

በጥር የመጨረሻው ቅዳሜ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ አባቴ ፍኖተ ሰላም ባለው ቤታችን ሳሎን ውስጥ እንግዳ ለመቀበል ከሶፋው ሊነሱ ሞከሩ። መነሳት አልቻሉም።

ሳሎኑን የነደፍኩት እኔ ነኝ።

ሥራዬ ዘጋቢነት ነው። ከወረዳ ወረዳ ስዞር ውዬ ቤት ስገባ ኮምፒውተር ላይ የቤት ግንባታ ጨዋታ እጫወታለሁ። ግድግዳ ይቆማል፣ በርና መስኮት ይወጣል፣ ዕቃ ይደረደራል፤ ከዚያ ትንንሽ ሰዎች ገብተው ይኖሩበታል። ሌላው ተጫዋች ቪላ ይገነባል፤ እኔ የምሠራው ትንንሽ ሳሎን ብቻ ነው። ትልቅ ክፍል ስህተትን ይሸፍናል። ትንሽ ክፍል ግን እንደ አጭር ዜና ነው፤ ቦታው ተለክቶ ተሰጥቷል፣ ችሎታው ምን መቅረት እንዳለበት ማወቁ ላይ ነው። ብዙ ትንንሽ ዕቃ ከመበተን አንድ ትልቅ ዕቃ ጥግ ማስያዝ ይሻላል። መስኮት ፊት ረጅም ነገር አይቆምም። በር ሲከፈት የሚነካው ዕቃ መኖር የለበትም። እነዚህን ያወቅኳቸው ደጋግሜ አፍርሼ በመሥራት ነው፤ ዛሬም እከራከርላቸዋለሁ።

መምህር የሆነው ባለቤቴ ግን አይዋጥለትም።

«አንቺ ሴትዮ፣ የእኛ ቁም ሣጥን በሩ ከወለቀ ክረምት አለፈው፤ አንቺ ለማታውቂያቸው ሰዎች መጋረጃ ትሰቅያለሽ።»

«እነሱ አይነዘንዙኝም» እለዋለሁ።

እናቴ ካረፉ ወዲህ አባቴ ከቡሬ ወጣ ብሎ ባለው ገጠር ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። አንድ ዓይናቸው ደክሟል። ባለፈው ክረምት ጓሮ ውስጥ ወድቀው ያነሳቸው ጎረቤት ነው። ወንድሜ ቡሬ ዳር ከብት ያደልባል፤ በረት እንጂ ትርፍ ክፍል የለውም። ስለዚህ እኛ ጋ እንዲኖሩ ሁለታችንም ለመንናቸው፤ ሽማግሌም ላክን። በመጨረሻ እንዲህ አሉ፦ «መጥቼ አየዋለሁ። ከተስማማኝ እቀመጣለሁ፤ ካልተስማማኝ ግን ሁለተኛ እንዳታነሱብኝ።»

አባቴ ቃላቸውን አያጥፉም። የነበረን ዕድል አንድ ነው።

ሳሎናችን ጠባብ ነው። በሜትር ለካሁትና ጨዋታው ውስጥ በልኩ አቆምኩት። ኤል ሼፕ ሶፋ ጥግ አስያዝኩ፣ መሐሉ ላይ ዝቅ ያለ ጠረጴዛ፣ ፊት ለፊት ቴሌቪዥን። ለአባቴ የመረጥኩላቸው የሶፋውን ማዕዘን ነው፤ ከነፋስ የራቀ፣ በሩን የሚያይ የክብር ቦታ። ከዚያ ትንንሾቹን ሰዎች አስገባኋቸው። መንገድ ሲዘጋባቸው እጃቸውን እያወናጨፉ ማማረር ልማዳቸው ነው። ገቡ፣ ተቀመጡ፣ ወጡ፤ ያማረረ አልነበረም። ሜትሩና ጨዋታው ተስማሙ፤ እኔ ዘንድ ሁለት ምንጭ ከተስማማ ዜናው ይወጣል። አናጺው በንድፌ መሠረት ሠራ። ዕቃው ሲገባ ክፍሉ ቁርጥ ስክሪኑ ላይ የነበረውን መሰለ።

አባቴ ዓርብ መጡ። ማዕዘኑ ላይ ተቀመጡና ስፖንጁን በመዳፋቸው ጫን ጫን አደረጉት። «እሰይ፣ ለስላሳ ነው» አሉ። ባለቤቴ በዓይኑ ጠቀሰኝ።

በማግሥቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጎረቤታችን እማሆይ እንኳን ደህና መጡ ሊሏቸው ገቡ።

«ኖር እማሆይ!» ብለን ሦስታችንም ለመነሳት ሞከርን። በእኛ አገር ትልቅ ሰው ሲገባ ቁጭ ብሎ የሚቀበል የለም። የባለቤቴ ጉልበት ጠረጴዛውን ገፋው፣ ጠረጴዛው የእኔን ቅልጥም መታ፣ የሻይ ብርጭቆዎቹ ተደፉ። ጥግ ያሉት አባቴን ደግሞ ስፖንጁ ውጧቸዋል፤ እግራቸውን የሚያቆሙበት ቦታ አጡ። ግማሽ ተነስተው የባለቤቴን ትከሻ ሊይዙ እጃቸውን ዘረጉ፤ አልደረሰላቸውም። ተመልሰው ተቀመጡ።

«በእግዜር! ኧረ በማርያም አይነሱ!» አሉ እማሆይ።

«ተቀምጬ ተቀበልኩዎት» አሉ አባቴ። ድምፃቸው ዝቅ ብሏል።

«ምን ገዶኝ፣ ልብዎ ተነስቷል።»

እማሆይ ሲሄዱ አባቴ ግድግዳውን ዙሪያውን ቃኙት። «ቤቱስ ደግ ቤት ነው» አሉ። «ሰው ሲመጣ ነው የሚጠበው።» ትንሽ ቆይተው ደግሞ፣ «ሰኞ ብሄድ ይሻላል። ላሚቱን ጎረቤት ላይ ጥያት መጥቻለሁ» አሉ።

አባቴ እምቢታን በቀጥታ አይናገሩም። ላሚቱን ሲያነሱ ነገሩ እንዳበቃ ገባኝ።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ኮምፒውተሩን ከፈትኩ። ያንኑ ሳሎን አወጣሁና እንግዳ አስገባሁበት። በዚህ ጊዜ ያየሁት የሚገባውን ሳይሆን የተቀመጡትን ነው። እንደተቀመጡ ለሰላምታ እጃቸውን አወዛወዙለት። ሽማግሌ አስገባሁ፤ አሁንም አወዛወዙ። ሌላ ቤት ከፍቼ ሞከርኩ፣ ያው ነው። ጨዋታው ውስጥ ሰው ለሰው አይነሳም። ሳሎኔ የተለካው ለሚቀመጥና ለሚያልፍ ሰው ነበር፤ ለሚነሳ ሰው አልለካሁትም።

«ካቻቢቴው የት ነው?» አልኩት ባለቤቴን።

«ተመስገን! የቁም ሣጥኑን በር ልትጠግኚ?»

«ሶፋውን ልፈታ።»

ፈታነው። አጭሩ ክንድ መኝታ ቤት ገባ፣ ጠረጴዛው በረንዳ ወጣ። ለብርጭቆ ማስቀመጫ ሁለት ዱካ ግድግዳ ሥር አስጠጋሁ። ከመኝታ ቤት ባለ እጅ መደገፊያ የእንጨት ወንበር አመጣሁና ማዕዘኑ በነበረበት በኩል፣ በሩን እንዲያይ አድርጌ አቆምኩት።

«ፈተና የማርምበትን ወንበሬን!»

«አልጋ ላይ ሆነህ አርም። አሁን ውጣና እማሆይን ሆነህ ግባ።»

«ቆብ የለኝማ!»

ነጠላዬን ራሱ ላይ ጠምጥሞ ገባ። «ኖር!» ብዬ ተነሳሁ፤ እጄንም ዘረጋሁ። የነካሁት ነገር የለም። ዞር ስል አባቴ የመኝታ ክፍላቸው በር ላይ ቆመው ያዩናል።

«እማሆይ እንዲህ አይንጎማለሉም» አሉት። «እንደ ሙሽራ ነው የገባኸው። ለእንዲህ ያለው ማን ይነሳል?»

«እስቲ ይቀመጡና ይሞክሩኝ፣ አባባ።»

«ለአማች አልነሳም» አሉና ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። መደገፊያዎቹን በሁለት እጃቸው ጨበጥ፣ ለቀቅ አደረጉ። እግራቸውን ወደፊት ዘረጉት፤ መልሰው ሰበሰቡት።

ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ግድም በሩ ተንኳኳ። እማሆይ በነጠላ ጫፍ የተጠቀለለ ዳቦ ይዘው ነበር።

«ኖር እማሆይ!»

አባቴ ከሁላችንም ቀድመው ቆሙ። የማንንም ትከሻ አልያዙም።

«በእግዜር! ኧረ በሞቴ ይቀመጡ፤ ትናንት አይነሱ ብዬዎት የለም?»

«የትናንቱን ጨምሬ ነው» አሉ አባቴ፤ እማሆይ እስኪቀመጡም ቆመው ጠበቁ።

ሰኞ ጠዋት አባቴ ስልኬን ተቀብለው ወንድሜ ጋ ደወሉ። ላሚቱን ከጎረቤት ተረክቦ በረቱ እንዲያስገባት ነገሩት። ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ እኔም ደወልኩለት። ላሚቱ ቡሬ ገብታለች።