እትዬ ሽቦ ያስጻፈችው ወረቀት

እትዬ ሽቦ ቂም መያዝ ታውቅበታለች። ሌላው ሰው ተናዶ፣ ጮሆ፣ ሲነጋ ይረሳዋል። እሷ ግን ሦስት ዓመት ሙሉ አለቃዋን «እንደምን አደሩ» እያለች፣ በልቧ በየቀኑ ስትቀብረው ኖራለች። ሽቦ የሚለውን ስም ያወጡላት የሥራ ባልደረቦቿ ናቸው፤ የትኛው ሽቦ ከየት ተነስቶ ወዴት እንደሚሄድ ዓይኗን ጨፍና ስለምታውቅ።

ቂሟ እንዲህ ነው የተጀመረው። የምትሠራበት መሥሪያ ቤት የቤትና የመሬት ውል በብሎክቼይን ይመዘግባል። መዝገቡ በአንድ ሰው እጅ አይደለም፤ ሃያ የሚሆኑ መሥሪያ ቤቶች እያንዳንዳቸው ኖድ የሚሉትን ኮምፒውተር አቁመው፣ አዲስ ገጽ በተጻፈ ቁጥር ሁሉም ይፈርሙበታል። የዚህን ቤት ኖድ ከባዶ ተነስታ ያቆመችው እሷ ናት። አንድ ቀን አለቃው እንግዳ ሊያስጎበኝ ገብቶ ሲንጎራደድ በእግሩ ገመድ ነቀለ፤ ኖዱም ግማሽ ቀን ሙሉ ዝም አለ። በማግስቱ በወጣው ደብዳቤ ላይ ገመዱን የነቀለችው እሷ ሆና ተገኘች። ከክፍሏ አውጥተው ዕቃ ግምጃ ቤት መደቧት።

ይህንንስ ትችለው ነበር፤ ያልቻለችው የአባቷን ነገር ነው። አባቷ ዕድሜያቸውን በመዝገብ ቤት ሠራተኝነት ጨርሰው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበቡና «ልጄ፣ ማኅተም ያረፈበት ነገር በከንቱ አይጻፍም» አሏት። ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን ወቅሰዋት አያውቁም፤ ጎረቤት ስለ ልጃቸው ሥራ ሲጠይቃቸው ግን ወሬ ይቀይራሉ። እሷም ከዚህ ዓለም የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ሆነ፦ አለቃው በገዛ እጁ ጽፎ፣ ማኅተም መትቶ፣ ለአባቷ የምታሳየው ወረቀት።

ኖዱ የሚሠራባቸው አሮጌ ኮምፒውተሮች፣ ሰርቨር የሚሏቸው፣ መልፈስፈስ ሲጀምሩ አዳዲስ ተገዙ። ኖዱም አገልግሎት ሳይቋረጥ ወደ አዲሱ እንዲዛወር ተወሰነ። አካሄዱን በሙያው ያለ ሁሉ ያውቀዋል። መዝገቡ አዲሱ ላይ ይገለበጣል፤ አዲሱ አሮጌው የደረሰበት እስኪደርስ ይጠበቃል፤ ከዚያ አሮጌው ይጠፋና የሚፈርምበት ምስጢር ቁጥር፣ ቁልፍ የሚሉት፣ ከሱ ተነስቶ አዲሱ ላይ ይጫናል፤ ትንሽ ታግሶም አዲሱ መፈረም ይጀምራል። በመሃል ኖዱ አምስት ደቂቃ ዝም ቢል ጉዳዬ የሚል የለም፤ ሌሎቹ ሥራውን ይይዙታል። ሁለቱ በአንድ ቁልፍ፣ በአንድ ጊዜ ከፈረሙ ግን አለቀ። ኖዱ አጭበርባሪ ተብሎ ከሃያዎቹ መሃል ይባረራል፤ ይቅርታም መመለስም የለም።

አለቃው ግን ያቺ የግማሽ ቀን ዝምታ እስካሁን ታባንነዋለች። «አንዲት ሰከንድ እንዳትቋረጥ» ብሎ፣ አሮጌው እየፈረመ ቁልፉን አዲሱም ላይ ጫነው።

እትዬ ሽቦ ጠዋት ከግምጃ ቤት የገመድ ጥቅል ታቅፋ የገባችው በዚህ መሃል ነው። አለቃው ብቻውን ነበር፤ ሌሎቹ ፎቅ ላይ ለአዲሶቹ ሰርቨሮች ምርቃት የተጠሩትን እንግዶች ያስተናግዳሉ። ስክሪኑን አየችው። አዲሱ መዝገቡን ዘጠና አንድ በመቶ ጨርሷል፤ መቶ ሲል መፈረም ይጀምራል። አንድ ትእዛዝ ብትጽፍ ይቆማል። የተሰማት ድንጋጤ አልነበረም፤ ደስ አላት።

«አለቃ፣ ይቺ ቁጥር መቶ ስትገባ ይህ ቤት ኖድ የለውም» አለችው።

«ምን እያልሽ ነው?»

«ሰምተውኛል። ማዳኛውን እኔ አውቀዋለሁ።»

«ታዲያ ምን ቆመሽ ታዪኛለሽ? አድኚዋ።»

«መጀመሪያ ወረቀት ያምጡ። ያን ጊዜ ገመዱን የነቀለው ማን እንደሆነ ይጻፉልኝ።»

ሳቀባት። ቁጥሯ ዘጠና ሦስት ሆነች። ሳቁን ዋጥ አደረገ፤ እዚህ ክፍል ውስጥ ተሳስታ እንደማታውቅ ከሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ቁጭ ብሎ «ገመዱ በስሕተት ተነቀለ» ብሎ ጻፈ።

«በማን?» አለችና ቀደደችው።

«በእኔ የኃላፊነት ዘመን ገመዱ» ብሎ እንደገና ጀመረ። ይህንንም ቀደደችው። ዘጠና ሰባት። ላቡ ወረቀቱ ላይ ጠብ ጠብ ይላል፤ እሷ ደግሞ ላቡን እያየች አልጠግብ አለች። በሦስተኛው ላይ እንዲህ ብሎ ጻፈ፦ «ገመዱን በእግሬ የነቀልኩት እኔ ነኝ። እሷ ክፍሉ ውስጥ አልነበረችም። ደብዳቤውን የጻፍኩት ዋሽቼ ነው።» ፈረመ።

«ማኅተም።»

መታ።

«ቀኑና ሰዓቱም ይጻፍበት።» ሰዓት የሌለበትን ጽሑፍ አባቷ ከቁም ነገር አይቆጥሩትም።

ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከአርባ አንድ ብሎ ጻፈበት። ወረቀቱን አንብባ፣ አጥፋ፣ ኪሷ ከታ፣ ወደ ኪቦርዱ ዞረች። ቁጥሯ መቶ ገብታለች። የማቆሚያውን ትእዛዝ እየጻፈች ሳለ ከሥሩ አንዲት መስመር ወጣች፤ ኖዱ ሁለት ጊዜ በመፈረሙ መባረሩን ትናገራለች። በገዛ እጇ ያቆመችው ነበር።

አመሻሽ ላይ አባቷ መነጽራቸውን አድርገው ወረቀቱን አነበቡት። እንባቸው መጣ። ከሦስት ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ግንባሯን ሳሙ።

«ነገ እኔው ራሴ ይዤው እሄዳለሁ። ለዋናው ሥራ አስኪያጅ ነው የማሳየው» አሏት።

«አይሆንም አባባ።»

«ምነው?»

ለአባቷ ዋሽታ አታውቅም። «ኖዱ ዛሬ ጠፋ። አራት ሰዓት ከአርባ ሁለት ላይ። የሃያውም መሥሪያ ቤት መዝገብ ሰዓቱን ይዞታል።»

አባቷ መነጽራቸውን አስተካክለው ወረቀቱን ወደ መብራቱ አስጠጉት። ሰዓቱ ላይ ብዙ ቆዩ።

«እንደሚጠፋ ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ታዲያ እሱ እስኪጽፍ ድረስ ምን ስትሠሪ ነበር?»

«አጻጻፉን እያረምኩለት» አለች።