ታመነ የደበቀው ጆሮ

ታመነ ከሐይቅ ከተማ መውጫ፣ ከደሴ ወልዲያ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ሃያ ስድስት ዓመት መኪና ሠርቷል። ስሙን ያስጠራው ጆሮው ነበር። ሹፌሩ ሞተር ሲያስነሳ እሱ ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጥና «ሁለተኛው ኖዝል ደክሟል» ይላል፤ ናፍጣ የሚረጨው ያ ኖዝል ሲፈታ እንዳለው ይገኛል።

በ1997 ክረምት ግን ጆሮው ይከዳው ጀመር። መጀመሪያ የባለቤቱ የባንቺአየሁ ድምፅ ከጓዳ አልደርስ አለው። ቀጥሎ የሞተር ድምፅ ሁሉ አንድ ዓይነት ሆነበት። ለማንም አልተናገረም። መስማት ለተሳነው መካኒክ ማን መኪናውን ይሰጣል? ሰው ሲያናግረው ከንፈር ከንፈሩን እያየ ራሱን ይነቀንቃል፤ ያልገባውን በግምት ይሞላል።

ጥቅምት ላይ አብዱልሃሚድ መጣ። ከአምባሰል እህል የሚያመላልስባት አንዲት አሮጌ የጭነት መኪና አለችው።

«ጋሽ ታመነ፣ ቆማ ስትሠራ ትንቀጠቀጣለች» አለ ጮክ ብሎ። «እግሬን ከነዳጅ ሳነሳ ደግሞ ድርግም ትላለች።»

ታመነ ሞተሩ ላይ አጎነበሰ። ቢያዳምጥ ቢያዳምጥ ምንም አልለይ አለው። ላብ አጠመቀው። አብዱልሃሚድ ፊት ፊቱን እያየ ይጠብቃል።

«ሚኒሞዋ ወርዶ ነው» አለ በመጨረሻ። መኪናዋ ቆማ ስትሠራ የሞተሩን ፍጥነት የምትወስነውን ብሎን አጥብቆ ከፍ አደረገው። መንቀጥቀጡ ቀነሰ። አብዱልሃሚድ መርቆት ሄደ። ታመነ በሽታውን ሸፈነው እንጂ እንዳልነካው ልቡ ያውቃል። ሊጠራው እጁን አነሳ፤ ከዚያ ምን ብሎ? መልሶ አወረደው።

በአራተኛው ቀን መኪናዋ ጤፍ ጭና ከውጫሌ ስትመለስ ቁልቁለቱ ላይ ጠፋች። ሞተር ሲጠፋ መሪው ይከብዳል፣ ፍሬኑም ይደነድናል። አብዱልሃሚድ ገደሉን ሸሽቶ ጎኗን ከተራራው ጋር አላተማት። ቀኝ እግሩ ሁለት ቦታ ተሰበረ።

ወንድሙ ሀምዱ መኪናዋን አስጎትቶ ያመጣት እዚያው ታመነ ዘንድ ነው። «ምን እንዳገኛት ከእርስዎ በላይ የሚያውቅ የለም» አለው።

ታመነ ሁለት ቀን እህል አልቀመሰም። ባንቺአየሁ ከኋላው ብትጠራው ብትጠራው ዝም አለ። ትከሻውን ይዛ አዞረችውና ፊቱን ስታይ ገባት።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከክረምት» አለና መሬት መሬቱን አየ።

በሦስተኛው ቀን ሚኒሞውን ወደነበረበት መልሶ ሞተሩን አስነሳ። መዳፉን የሞተሩ ክዳን ላይ አሳርፎ ወደ ኖዝሎቹ የሚገቡትን ቱቦዎች ተራ በተራ አላላ። አንዱንም ቢያላላ፣ ሌላውንም ቢያላላ መንቀጥቀጡ እኩል ይብሳል። የታመመ ኖዝል ቢኖር የእሱ ቱቦ ሲላላ መንቀጥቀጡ ባልተለወጠ ነበር፤ እንግዲህ የታመመ ኖዝል የለም ማለት ነው። ግን ከላላው ቱቦ የሚወጣው ናፍጣ አረፋ አለው። መስመሩን ይዞ እስከ ታንኩ ወረደ። እዚያ፣ የናፍጣውን የጎማ ቱቦ ከሚያጠብቀው ቀለበት ሥር፣ ፀጉር የምታክል ስንጥቅ አገኘ። ናፍጣው በዚያ በኩል ተስቦ ስለሚያልፍ ስንጥቁ ወደ ውጭ አያንጠባጥብም፤ አየር ወደ ውስጥ ይምጋል፤ ሞተሩም ናፍጣ ሲያጥረው ይጠፋል።

አንድ ክንድ የጎማ ቱቦ ለወጠ። መኪናዋ ሳትንቀጠቀጥ ሠራች። ታመነ መሬት ላይ ተቀምጦ አለቀሰ። ነገሩ ጆሮ አልፈለገም ነበር። ዓይን ይበቃው ነበር፤ እሱ ግን እንዳይታወቅበት ሲጣደፍ አላየም።

በማግስቱ ደሴ፣ አብዱልሃሚድ ወደተኛበት ሆስፒታል ሄደ።

«ጆሮዬ አይሰማም» አለው። «ሳላውቅ እንዳወቀ ሰው ሆኜ ሰደድኩህ።»

አብዱልሃሚድ ፊቱን ወደ እሱ አዞረ። ከዚያ ታመነ እንዲያነብለት ከንፈሩን ቀስ እያደረገ ተናገረ፦ «አላወቅኩም ቢሉኝ ሌላ ጋ እወስዳት ነበር። ነፍሴን አላህ አተረፋት፤ አልሀምዱሊላህ። ይቅር ለማለት ግን ዛሬ አቅም የለኝም።»

«ልክ ነህ» አለ ታመነ።

የአብዱልሃሚድ እግር ሲጠገን አጠረ፤ መኪናዋን ሀምዱ ይነዳት ጀመር። ታመነ ከዚያ ወዲህ የመጣውን ሹፌር ሁሉ ገና ከመውረዱ «እኔ አልሰማም፤ የምሠራው በእጄና በዓይኔ ነው» ይለዋል። ብዙው ሞተሩን ሳያጠፋ አልፎ ይሄዳል። አንዳንዱ ይቆማል።